ያለ ፈቃድ ማጨስ ክልክል ነው

ባለፈው ሰሞን ጦር ኃይሎች አደባባዩን በሚያሳይ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን አማስል ነበር። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ደም ግፊት ያለበት አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከፊት ለፊቴ ያለ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ፣ ክራቫቱ ሆዱ ላይ የተጋደመ፣ ሲጋራ አወጣና ለኮሰ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይስብ አስተናጋጇ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች መጣችና «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ አይጨስም፤ ሕጉ ነው» አለችው። ሰውዬው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በቀይ የተሰረዘ ሲጋራ አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ውጭ የሚወርደውን ዝናብ አየ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ለሲጋራው ጥላ አድርጎ፣ ጎርፉ ጫማው ላይ ሲያልፍ ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ብቻውን የሚስቅ ሽማግሌ አይታ ደነገጠች መሰለኝ፣ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። «ደህና ነኝ የኔ ልጅ፤ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። ሰውዬው ምንም አልበደለኝም፤ አላውቀውምም። ቢሆንም ሲጋራውን እስኪጨርስ ሌላ ማኪያቶ አዝዤ፣ እሱን እያየሁ ጠጣሁ። በሌላ ሰው ቦታ አድርጌው ነው የተደሰትኩበት።

ያ ሌላ ሰው ጓድ መርሻ ይባላል፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ዓይኑ ደክሞ ከሆነም ልጆቹ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ባለቤቴ አስካለ ስጽፍ አይታ ከጓዳ ሆና «ደግሞ የሱን ነገር ጀመርክ? ስንት ዓመት አለፈው እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አልፎታል። እኔ ግን አላሳለፍኩትም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ከዓመተ ምሕረት ይልቅ ዋጋ ነው ትዝ የሚለኝ። ሲጋራ ፍሬው በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥራ አምስት፣ ከጦር ኃይሎች መርካቶ በውይይት በስሙኒ ነበር። ውይይት ለማታውቁት ልጆች፣ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት ታክሲ ናት፤ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ስለሚሄድ የዘመኑን የውይይት ክበብ ስም አወጡላት። ወንዱ ጸጉሩን አፍሮ ያበጥርና ማበጠሪያውን እዚያው ሰክቶ ይሄዳል፤ የሱሪው እግር ከመስፋቱ የተነሳ የኮልፌን ጭቃ ይጠርጋል። ሴቶቹ ናይለን ሻሽ አገጫቸው ሥር ያስራሉ። የእኔ ሱቅ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነበረች፤ ሱቅ አልኳት እንጂ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚና ስድስት ቆርቆሮ ናት። በግራ በኩል ካለው ቡና ቤት የአንዲትን ልጅ አንገት የሚያወድስ ዘፈን በቴፕ ይለቀቃል፤ በቀኝ በኩል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ያሰማል። ሁለቱን ዘፈኖች አንድ ላይ ነው የለመድኳቸው፤ ዛሬም የፍቅሩን ስሰማ እግሬ ግራ ቀኝ እያለ በሰልፍ ይረግጣል። ጠዋት ጠዋት በአስኮ በኩል ወተት የሚያመጡት ሴቶች ሲያልፉ፣ የአጠናው ሽታና የወተቱ ሽታ ተቀላቅሎ ሳለ፣ የመጀመሪያው ደንበኛዬ መስኮቴ ላይ መጥቶ ሲጋራውን ይለኩስና ያን ሁሉ ያጠፋዋል።

አዎ፣ ሲጋራ እሸጥ ነበር። ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ ከረሜላ፣ የኩራዝ ክርም ነበረኝ፤ ቤቴን የሚያቆመው ግን ሲጋራው ነው። ፍሬ ለሚገዙት ክብሪት እንዳይጨርሱ መስኮቴ ላይ ኩራዝ አበራላቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው ይለኩሳሉ፣ ከዚያ እዚያው ተደግፈው ወሬ ይጀምራሉ። እኔ በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም። ዕቃዬን ለምን አቃጥላለሁ? ሌላው ግን በየቦታው ያጨሳል። ውይይት ውስጥ ይጨሳል፣ ሲኒማ ቤት ይጨሳል፣ ባንክ ገንዘብ የሚቆጥረው ሰውዬ እያጨሰ ይቆጥራል። አስካለን ያዩ አንድ ሐኪም ሲጋራቸውን መተርኮሻው ላይ አስቀምጠው፣ ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አድርገው «በኃይል ተንፍሺ» ብለዋታል። ጭሱን ነው የተነፈሰችላቸው።

አስካለ አስም አለባት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር፣ የእጅ ጽሑፏም እንደ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ ነው፤ በዚህ ምክንያት የቀበሌው ኅብረት ሱቅ የስኳርና የሳሙና ካርድ መዝጋቢ አደረጋት። ኅብረት ሱቁ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከጋራዡ በስተኋላ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ ድሮ ጎማና ዘይት የሚቀመጥባት፤ የአስካለ ጠረጴዛ እዚያ ነው። ዛሬ ቪላው ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ ሆኗል፤ ጋራዡ በነበረበት ላይ ስልክ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ መስታወቱ ከጣሪያ እስከ መሬት ነው። ባለፍኩ ቁጥር ይህን ያህል መስታወት የት ነበር እላለሁ። ጓድ መርሻ የራሱ ቢሮ ነበረው፤ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ጠረጴዛውን ወደ አስካለ ክፍል አስገባ። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው። ስኳሩ እዚያ መሆኑም እውነት ነው።

መርሻ ቀጠን ያለ፣ ካኪ ሸሚዙን በየቀኑ የሚያስተኩስ፣ ጣቶቹ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ቢጫ የሆኑ ሰው ነበር። ሲጋራውን በሲጋራ ነው የሚለኩሰው። ጠዋት ሲመጣ አንድ ክብሪት ይጭራል፤ ከዚያ በኋላ ክብሪት አያስፈልገውም። በቀን ሃያ ፍሬ ከእኔ ይገዛል፤ ሰው የሚጋብዘው ደግሞ አለ፣ ሊቀመንበር ነዋ። በዚያች መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ አስካለ አጠገቡ ተቀምጣ ካርድ ትጽፋለች። በሦስተኛው ሳምንት ደፍራ ለመነችው። ቃል በቃል ነግራኛለች፣ እኔም አልረሳሁም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደረቴን ያመኛል። በሩ ጋ ሆነው ቢያጨሱልኝ?»

«ጓዲት አስካለ፣ አብዮቱ ስንት ጠላት እያለበት የአንቺን ሳል ይጠብቅ?»

«አብዮቱን አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፤ በሩን ነው ያልኩት።»

«በሩ ይዘጋ» አለ፤ «ብርድ ይገባል።»

ሥራውን ለምን አልተወችም የሚል ይኖራል፤ ያን ጊዜ ያልነበረ ሰው መሆን አለበት። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። የሱቄ ፈቃድ በቀበሌው ነው የሚታደሰው። ስኳራችን፣ ሳሙናችን፣ አገር ቤት እናቴን ለመጠየቅ የምይዘው የይለፍ ወረቀት፣ ሁሉም በመርሻ ቢጫ ጣቶች ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አስካለ በሻሿ አፏን ሸፍና መጻፍ ቀጠለች፤ እኔም መንገዱን እየተሻገርኩ ሲጋራውን አቀብል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው ደብዳቤ መጣ። የሌላ ቀበሌ መጋዘን ውስጥ በሲጋራ ቁራጭ እሳት ተነስቶ ጆንያ ሙሉ ስኳር ነድዶ ኖሮ፣ በመጋዘን፣ በጽሕፈት ቤትና በአዳራሽ ውስጥ ማጨስ መከለከሉን ይገልጻል፣ ማስታወቂያም ተጽፎ እንዲሰቀል ያዛል። የሰው ደረት ጉዳይ የትም የለበትም፤ ስለ ስኳሩ ነው። ደብዳቤውን መዝገብ ላይ የምታስገባው አስካለ ናትና ከመርሻ በፊት አነበበችው። መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ ሮጣ ተሻግራ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ «ተካ፣ ተከለከለ» አለችኝ። ለሠርጋችንም እንደዚያ አልሮጠችም።

ማስታወቂያውን የጻፈው ታደለ የሚባል ሰዓሊ ነው። ሰዓሊ እንበለው፤ የሚሠራው በጦር ኃይሎች ዙሪያ ላሉት አጥሮችና በሮች ጽሑፍ መቀባት ነበር። «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ፊደሎቹ ተቆርጠው የወጡ ቆርቆሮ ነበረው፤ ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል፣ ቀይ ቀለም ያስኬድበታል፣ አለቀ። ታደለ አዲስ ቆርቆሮ መቁረጥ ሰለቸው። «መግባት» የሚለውን በካርቶን ሸፈነና «ማጨስ» የሚለውን በእጁ ሞላበት፤ ያች ቃል ከሌሎቹ ወፈር ብላ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመመች። አንዱን በክፍሏ በር ላይ፣ አንዱን አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ጀርባ ጻፈ። ያለ ፈቃድ ማጨስ ክልክል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ምንም አላለም። በየአጥሩ «ያለ ፈቃድ» የሚለውን ከማየት ብዛት ዓይናችን ማንበቡን ትቶታል።

በሦስተኛው ቀን መርሻ ቆሞ አነበበው። እኔ ሲጋራውን ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ ጥርሱ ታየ። «ተካልኝ፣ በዚህ ቀበሌ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?» አለኝ። «እርስዎ ነዎት ጓድ ሊቀመንበር።» «ታዲያ ጥሩ ነው የተጻፈው» ብሎ እዚያው በሩ ሥር ለኮሰና እያጨሰ ገባ። ውስጥ አስካለ ቀና ስትል አየሁ፤ ተስፋ ከሰው ፊት ላይ ሲወርድ ያኔ ነው ያየሁት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ መርሻ ግን ወረቀት ይወዳል። በሳምንቱ የማጨሻ ፈቃድ የሚባል ነገር ተጀመረ። በታይፕ ተመትቶ፣ በሐምራዊ ማኅተም ተመትቶ፣ «ጓድ እገሌ በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤትና አዳራሽ ውስጥ እንዲያጨሱ የተፈቀደላቸው መሆኑን እየገለጽን፣ የሚመለከተው ሁሉ ትብብር እንዲያደርግላቸው እንጠይቃለን» ይላል። ግልባጩ ለመዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ማለት አስካለ ናት። ሰዉ ተሰለፈ። የሚያጨሰውም የማያጨሰውም አወጣ፤ ጎረቤታችን እማማ የሺ እንኳ ሰባ ዓመት አልፏቸው አወጡ። ፈቃዱን የተቀበለ ወንድ ሁሉ ደግሞ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ለኩሶ ይሞክረዋል። ክልከላው ከመውጣቱ በፊት አንድ አጫሽ የነበረባት ክፍል ከክልከላው በኋላ አምስትና ስድስት ይቆሙባት ጀመር። አስካለ እየሳለች የእያንዳንዱን ስም በዚያ በሚያምር ጽሑፏ ትመዘግባለች።

አንድ የስኳር ቀን ወደቀች። ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቶ ነበር። ሁለት ሴቶች በብብቷ ይዘው ሲያወጧት ከሱቄ አየሁ፤ ከንፈሯ ቀለም እንደነካው ሰማያዊ ሆኗል፣ አፏ ይከፈታል እንጂ ትንፋሽ አይገባም። በውይይት ወሰድናት። ሾፌሩ በየፌርማታው ሳይቆም ነዳው፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሲጋራውን በመስኮት ወረወረ፣ አንዷ ሴት ካርቶን ይዛ ታራግብላት ነበር። እጇን ይዤ፣ ሰው ትንፋሽ ለመግዛት የሚሰለፍበት ሱቅ ቢኖር ማንን ገፍቼ እንደምቀድም እያሰብኩ ነበር። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ ካልገባች ትሰረዛለች። እኔም መርሻ አዝዞኝ ሲጋራውን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ሰልፉ ሙሉ ነው። መርሻ ከወንበሩ ሳይነሳ ጮክ አለ።

«ጓዲት፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ መቅረት ክልክል ነው።»

«ትንፋሽ አጥሮኝ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ሆስፒታል ነበርኩ።»

«እንግዲያው ለመተንፈስም ፈቃድ አውጪ።»

ሰልፉ ሳቀ። ስኳር ገና ያልደረሳቸው ከሌሎቹ ጮክ ብለው ሳቁ፤ አልፈርድባቸውም። እኔስ? እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ሲጋራውን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ጥርሴን አሳይቼ፣ ሚስቴን ሳላይ ወጣሁ። መርሻን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በስም የጠራሁት ለጭሱ ሳይሆን ለዚያች ሳቄ ነው።

እኔ ስናደድ አልጮህም፤ ዋጋ ነው የማጠናው። እሑድ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ስንመለስ አስካለን ጠየቅኳት። «መርሻ ለራሱ ስኳር ሲወስድ ካርዱ ላይ ማን ይፈርማል?»

«ከከፍተኛው ይፈረምለታል።»

«እሱ ራሱ ለምን አይፈርምም?»

«አይችልም። ማንም ለራሱ አይፈርምም ይላል መመሪያው።»

«ስንት የማጨሻ ፈቃድ መዝግበሻል?»

«ዘጠና ምናምን።»

«የእሱ አለበት?»

ቆመች። መንገዱ መሀል ቆማ አየችኝ። «የለበትም» አለች፤ ከዚያ «ምን ልታደርግ ነው ተካ?» ስትል መለስኩላት፣ «ግለ ሂስ።»

ሂስና ግለ ሂስን ለማያውቅ ልንገረው። በየስብሰባው መጨረሻ ሰው እየተነሳ ሌላውን ይተቻል፣ ከዚያ ራሱን ይተቻል። ሌላውን መተቸት አደገኛ ነው፤ ተተቺው ነገ ስኳርህን ይዞ ይጠብቅሃል። ራስን መተቸት ግን ነጻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ኃጢአት ይዞ ይመጣል፤ ስብሰባ ላይ አርፍጃለሁ፣ በጽዳት ዘመቻ ላይ አካፋ ረስቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንድ ሰው ራሱን ሲወነጅል ደግሞ ማንም አያቋርጠውም፤ ማቋረጥ ነውር ነው። ይህን ቀዳዳ ያየሁት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ስብሰባ ከከፍተኛው አንድ ካድሬ መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው፣ ቀድሞ አስተማሪ ነበር አሉ። የቀበሌው የኪነት ቡድን ዘመረ፣ መፈክሩ ተባለ፣ ሪፖርቱ ተነበበ። መርሻ ከካድሬው ጎን መድረኩ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል፤ ከራሱ በላይ ታደለ የጻፈው ማስታወቂያ አለ። ግለ ሂስ ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂሴን ላቅርብ። እኔ ተካልኝ ሲጋራ ቸርቻሪ ነኝ። በዚህ ቀበሌ ያለ ፈቃድ ማጨስ ክልክል መሆኑን ግድግዳው ላይ አንብቤአለሁ። ንቃቴ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ለጓድ ሊቀመንበር በየቀኑ ሃያ ፍሬ ስሸጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድዎን ያሳዩኝ ብዬ አላውቅም። አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ፈቃድ ሳላይ አልሸጥም፤ ሰፊው ሕዝብ ይቅር ይበለኝ።»

ተቀመጥኩ። ካድሬው መነጽሩን ከፍ አደረገ። «የምን ፈቃድ ነው የሚለው?»

«የማጨሻ ፈቃድ ነው ጓድ» አለ መርሻ። «እኛ እዚህ ሥርዓት ዘርግተናል።»

«እኛ የላክንላችሁ ክልከላ ነው።»

«ተከልክሏል ጓድ። ያለ ፈቃድ ተከልክሏል።»

ካድሬው ዘወር ብሎ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አስተማሪ የተማሪ ደብተር እንደሚያነብ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። «ይህን ማነው የጻፈው?» ታደለ ከኋላ ተነሳ። «እኔ ነኝ ጓድ። ቆርቆሮው ነው ያሳሳተኝ።» አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ቀየረው። ካድሬው ወደ መርሻ ተመለሰ። «ስንት ሰው ፈቃድ አለው?» መርሻ መልስ ከመስጠቱ በፊት እማማ የሺ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እኔም አለኝ ልጄ።»

«እርስዎ ያጨሳሉ እማማ?»

«ኧረ በስማም። ነገ ደግሞ ለምን አላጨስሽም የሚል ቢመጣ ብዬ ነው ያወጣሁት።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። ከኪስ፣ ከቦርሳ፣ ከባርኔጣ ሥር ይወጣል፤ አንዱ ከፓስፖርት ፎቶው ጋር በፕላስቲክ አስለብጦታል። ካድሬው ይህን ሁሉ ማኅተም አይቶ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ያንተስ የት አለ ጓድ መርሻ?»

«እኔ ፈራሚው ነኝ።»

«ለራስህ ፈርመሃል?»

መርሻ ሲጋራውን ጠረጴዛው ሥር አወረደው። ጥሎ እንዳይረግጠው ጥፋት ማመን ይሆናል፤ ወደ አፉ እንዳይወስደው ካድሬው ያየዋል። ጭሱ ከጉልበቱ መሀል እየተነሳ በፊቱ ላይ ያልፋል፣ እሱም እንደማያየው ሰው ወደ ፊት ይመለከታል። ያን ጊዜ አስካለ ሳለች። ሥላሴ ምስክሬ ናቸው፣ አልተማከርንም፤ እውነተኛ ሳል ነበር፣ ከሆዷ የሚነሳ፣ ማቆሚያ የሌለው። ካድሬው ጠበቃት። «ማነሽ አንቺ?»

ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች። «የካርድ መዝጋቢ ነኝ ጓድ። ከጓድ ሊቀመንበር ጋር አንድ ክፍል ነው የምንሠራው። የሥራ ክፍፍል አድርገናል፤ እሳቸው ያጨሳሉ፣ እኔ እስላለሁ።»

ያ አዳራሽ ለመርሻ ስንት ጊዜ አጨብጭቧል፤ እንደዚያ ቀን የሳቀውን ግን አላስታውስም። በዚያ የስኳር ቀን የሳቁት ራሳቸው ናቸው፣ ፊታቸውን አይቼ ቆጥሬአቸዋለሁ። ካድሬው አልሳቀም። ፈቃዶቹ በሙሉ እንዲሰበሰቡ፣ የመርሻ ጠረጴዛ ከክፍሏ እንዲወጣ፣ ከእንግዲህ ሊቀመንበርም ሆነ ማንም ማጨስ ካማረው ከግቢው በር ውጭ እንዲያጨስ አዘዘና፣ «አሁን ግለ ሂስህን አቅርብ» አለው። መርሻ ተነሳ። ሲጋራው ጣቱን አቃጥሎት ኖሮ እጁን እያራገፈ «ጓዶች፣ ማስታወቂያን በአግባቡ ባለመረዳት» ብሎ ጀመረ። የቀረውን አልሰማሁም፤ እጁን እያየሁ ነበር።

የግቢው በር ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ክረምቱን በሙሉ አየሁት። የኮልፌ ክረምት፣ በረዶ የቀላቀለ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ። መርሻ በሰዓት ሁለቴ ሦስቴ ይወጣል፣ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ይቆማል፣ ባለሥልጣን ይቅርና ወተት ሻጮቹ እንኳ ቀና ብለው ያዩታል። ሊበቀለኝ ሞክሯል፤ የሱቄን ፈቃድ ሁለት ጊዜ አስመርምሯል፣ ከካድሬው በኋላ ግን ክንዱ አጭር ሆኗል። እኔ በበኩሌ ለእሱ የሚሆን ክብሪት ከጣሪያዬ ፍሳሽ ሥር አስቀምጥ ነበር። አምስት ስድስት እንጨት ይጭርና «ተካልኝ፣ ይህ ክብሪት ምን ነካው?» ይለኛል። «ምርቱ ነው ጓድ ሊቀመንበር፤ ክረምቱም አለበት። ደግመው ይሞክሩ።» ሲደግም አየዋለሁ። ደስታ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የክፍሏ ግድግዳ ታጥቦ ኖራ ተቀባ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ቀን ቀን አስካለ ደህና ትውላለች፤ እኔ ቤት ስገባ ግን ሳሉ ይጀምራታል። ግድግዳው ነው አልኩ። የስኳሩ አቧራ ነው አልኩ። መርሻ ነው፣ ደረቷን አበላሽቶታል አልኩ፤ እሱን ማለት ይቀለኝ ነበር። አንድ ምሽት ወጡን አውጥታ ስታቀርብ ሳሉ ያዛት፤ ሳህኑን አስቀምጣ ግድግዳ ተደገፈች። ሲለቃት «ኮትህን አሽተው» አለችኝ።

አሸተትኩት። ያ የቴትሮን ጨርቅ ኮቴ ቀኑን ሙሉ ከኩራዙ አጠገብ ነው የሚውለው፤ ፍሬ የገዛ ሁሉ የሚያጨሰው መስኮቴ ላይ ተደግፎ፣ ፊቴ ላይ ነው።

«ከጓድ መርሻ ክፍል የወጣሁት ያንተ ኮት ውስጥ ልገባ ነው?» አለችኝ።

«አስካለ፣ ከሱቁ ገቢ ግማሹ ሲጋራው ነው። ሌላው ምን ያበላናል?»

«አውቃለሁ» አለች። «እሱም ምክንያት ነበረው። አብዮቱ ይለኝ ነበር።»

ሳህኑን አንስታ አቀረበችልኝ። በላሁ ብል ውሸት ነው። ከጓድ መርሻ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቼ የማላውቅ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሚስቴ አንደበት አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኳት። በሳምንቱ መጨረሻ መርካቶ ብወስደው ሲጋራዬ በእጥፍ እንደሚሸጥ አጣራሁ፤ እጥረት ነበር፣ ሰው ይሻማበታል። አልወሰድኩትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ መርሻ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጠራሁት። መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ያለኝን ሲጋራ በሙሉ በአንድ ትልቅ ካርቶን አስሬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ከገዛሁበት ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራሁ። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ምን አስበህ ነው?»

«ሲጋራ መሸጥ ትቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር። የቆዩ ደንበኛ ስለሆኑ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«በኪሳራ?»

«በኪሳራ። አንድ ነገር ብቻ፤ ለሰው እንዳያካፍሉት። እያንዳንዷን ፍሬ እርስዎ ራስዎ ያጭሷት።»

ዋጋውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። በንግድ ዘመኔ አውቄ የከሰርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ካርቶኑን ሲያቅፍ ዝናቡ ሊያረጥብበት ሆነ፤ ኮቴን አውልቄ ካርቶኑ ላይ ጣል አደረግኩለት። «ይሄስ?» አለኝ። «ምርቃት ነው» አልኩት። የመርሻ ዓይን ውስጥ አይቼው የማላውቀው ነገር አየሁ። እጄን ጨበጠኝ፣ በዚያ በተቃጠለው ጣት።

«ተካልኝ» አለ፣ «አንተ ቂም የማትይዝ ሰው ነህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በእኔ ኮት ሸፍኖ፣ እየሳለ ሲሻገር ቆሜ አየሁት። ከዚያ ኩራዙን አጥፍቼ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ በሸሚዜ ብቻ ዝናቡ እየወረደብኝ ቤት ገባሁ። አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ጠጋ ብላ አንገቴ ሥር አሸተተችኝ፤ ጥቂት ጠበቀች፤ አልሳለችም። «ኮትህስ?» አለችኝ። «ሸጥኩት» አልኳት። «ግባ፣ በርዶሃል» አለችና ፎጣ ልታመጣ ሄደች።